የጃፓን ልጆች አብረው እየዘፈኑ የሚጫወቷቸውና የሚጨፍሯቸው ዘፈኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከልጆቻቸው ጋር ሊሞክሩት የሚፈልጉ ወላጆችና የኬጂ አስተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጃፓን የልጆች ዘፈን ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። ሦስት የተለያየ ነገር ነው በአንድ ስም የሚጠራው። መጀመሪያ ዋራቤኡታ አለ። ደራሲው አይታወቅም። ልጆች ራሳቸው በየሰፈሩ እየተቀባበሉ ያቆዩት ነው፤ ኳስ ሲያነጥሩ፣ ክብ ሠርተው ሲዞሩ፣ እጅ ለእጅ ሲያጨበጭቡ የሚዘፍኑት። ሁለተኛው ሾካ ነው፣ የትምህርት ቤት መዝሙር። ጃፓን ዘመናዊ ትምህርት ስትጀምር መንግሥት በ1879 ሙዚቃን የሚያጠና ቢሮ አቋቋመ። የሚመራው ኢሳዋ ሹጂ ነበር፤ እሱም ሉተር ኋይቲንግ ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ የሙዚቃ መምህር ከቦስተን አስመጣና ሁለቱ ሆነው የመጀመሪያውን የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጁ። ሦስተኛው ዶዮ ነው። በ1918 ሱዙኪ ሚኤኪቺ የሚባል ጸሐፊ አካይ ቶሪ፣ ማለትም ቀይ ወፍ የሚል የልጆች መጽሔት ጀመረ፤ የትምህርት ቤቱ መዝሙር የደረቀባቸው ታላላቅ ገጣሚዎች እዚያ ላይ ለልጆች መጻፍ ያዙ። መጽሔቱ የወጣበት ጁላይ 1 ዛሬ ጃፓን ውስጥ የዶዮ ቀን ተብሎ ይከበራል።

አብሮ ለመዝፈንና ለመንቀሳቀስ ከሆነ የፈለጋችሁት በዋራቤኡታ ጀምሩ። ዶዮ ብዙው ቁጭ ተብሎ የሚሰማ ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ አይሰማላችሁም።

ጃፓንኛ ሳልችል ማስተማር እችላለሁ?

በደንብ። እንዲያውም ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀላል። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። ሁሉም ፊደላችን ውስጥ አሉ። ጠብቆ የሚነበብ ድምፅም አላቸው፤ እሱንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። ስለዚህ ግጥሙን በላቲን ፊደል ከምታነቡ በአማርኛ ፊደል ጻፉት፤ ልጆቹም እናንተም ቶሎ ትይዙታላችሁ።

ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ረዘም የሚለው አናባቢ ሁለት ምት ይወስዳል፣ አታሳጥሩት። ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ን ደግሞ ራሱን የቻለ አንድ ምት ነው። እነዚህን ከዘለላችሁ ዘፈኑ ከጭብጨባው ጋር አይገጥምም። የቀረው ስህተት ማንንም አይጎዳም።

ለትንንሽ ልጆች የመጀመሪያው የትኛው ይሁን?

ሙሱንዴ ሂራይቴ። እጅ መጨበጥ፣ መክፈት፣ ማጨብጨብ፣ መልሶ መጨበጥ፤ በቃ ይሄው ነው። ግጥሙ ራሱ ትእዛዙን ይሰጣል፦ «ሙሱንዴ፣ ሂራይቴ፣ ቴ ኦ ኡቴ፣ ሙሱንዴ»፤ ጨብጡ፣ ክፈቱ፣ አጨብጭቡ፣ ጨብጡ። መጨረሻው ላይ «ሶኖ ቴ ኦ ኡኤ ኒ» ይላል፣ እጃችሁን ወደ ላይ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ «ወደ ላይ» የሚለውን እየቀየራችሁ እጁን ጭንቅላት፣ ጉልበት፣ አፍንጫ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ እየተንጠራራ ይሳተፋል።

ከእሱ ቀጥሎ ናቤ ናቤ ሶኮ ኑኬን ሞክሩ። ናቤ ድስት ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱንም እጅ ይያያዛሉ፣ እየተወዛወዙ «ድስት ድስት፣ ቂጥሽ ይውደቅ፣ ከወደቀ እንገልበጥ» ይላሉ፤ «ካኤሪማሾ» ሲባል እጃቸውን ሳይለቁ በክንዳቸው ሥር ሾልከው ጀርባ ለጀርባ ይሆናሉ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ በዚያው ወደ ፊት ለፊት ይመለሳሉ። ለሁለት ቀላል ነው። ለአራት ሳቅ ነው። መላው ክፍል አንድ ክብ ሠርቶ ሲሞክረው ደግሞ አንድ ጥንድ እጁን ከፍ አድርጎ በር ይሆንና ሁሉም በዚያች በር ተከታትሎ ይወጣል፤ እጅ ያልለቀቀ ክብ ተገልብጦ ሁሉም ወደ ውጭ ሲያይ የልጆቹን ፊት ማየት ነው።

ካጎሜ ካጎሜ እንዴት ነው የሚጫወቱት?

አንድ ልጅ መሀል ላይ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል። ይሄ ልጅ ኦኒ ነው፣ በእኛ ጭራቁ። ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዘፈኑ ይዞሩታል። ዘፈኑ ቅርጫት ውስጥ ያለችው ወፍ መቼ ነው የምትወጣው ብሎ ይጠይቅና «ኡሺሮ ኖ ሾመን ዳአሬ» ብሎ ያልቃል፤ በትክክል ከኋላህ ያለው ማን ነው? ሁሉም ባለበት ይቆማል። ኦኒው ዓይኑን ሳይከፍት ከጀርባው የቆመውን ልጅ ስም ይጠራል። ካገኘ ይቀያየራሉ፣ ካላገኘ አሁንም እሱ ነው።

ዝም ካሉበት ለመለየት ስለሚከብድ፣ ከኋላ የቆመው ልጅ ድምፁን ቀይሮ የእንስሳ ጩኸት እንዲያሰማ የሚያደርጉ አሉ። ይሄ ጨዋታውን ያሞቀዋል፤ ለማይተዋወቁ ልጆች ደግሞ የግድ ነው። ቺባ ውስጥ ያለችው የኖዳ ከተማ ዘፈኑ የተወለደው እኛ ጋ ነው ትላለች፣ ሺሚዙ ኮዔን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊትም ሐውልት አቁማለታለች።

በርና ሰልፍ ያለባቸውስ?

ቶርያንሴ የበሩ ነው። ሁለት ልጆች እጃቸውን አያይዘው ቅስት ይሠራሉ፣ ሌሎቹ በሥሩ ያልፋሉ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ቅስቱ ይወርድና ሥሩ የተገኘው ልጅ ይያዛል። ግጥሙ በጠባቂና በአንዲት እናት መካከል ያለ ንግግር ነው፤ ልጇ ሰባት ዓመት ስለሞላው ወደ ቴንጂን ቤተ መቅደስ ልትሄድ ትፈልጋለች። መሄዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ያስፈራል ይላል መጨረሻው። ቀደም ሲል ይሄ ዜማ ጃፓን ውስጥ ዓይነ ስውራን መንገድ እንዲሻገሩ በትራፊክ መብራቶች ላይ ይሰማ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው በወፍ ድምፅ ተተክቷል። እውነት ለመናገር «መመለሱ ያስፈራል» የሚል ዘፈን ለአስፋልት ማቋረጫ መምረጥ ትንሽ ይገርማል።

ሃና ኢቺሞንሜ የሰልፉ ነው። ሁለት ቡድን እጅ ለእጅ ተያይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። አንዱ እየዘፈነ ወደፊት ሲመጣ ሌላው ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ በስንኙ መጨረሻ ላይ እግር ወደፊት ይወነጨፋል። ከዚያ «ያቺን ልጅ እንፈልጋለን» «የቷን?» «እንመካከር» እየተባባሉ ስም ይጠራሉ፣ የተጠሩት ሁለቱ ይወዳደራሉ፣ የተሸነፈው ወደ ሌላው ቡድን ይሄዳል። ከሁሉም ይልቅ ጭፈራ የሚመስለው ይሄ ነው። አንድ ችግር ግን አለው፤ የሚጠሩት ሁልጊዜ ተወዳጆቹ ልጆች ናቸው፣ አንዷ እስከ መጨረሻው ሳትጠራ ትቀራለች። እኔ ብሆን ስሙን በዕጣ ነው የማስወጣው። ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም።

ጃንኬን ምንድን ነው? ለምን ሁሉም ቦታ ይገባል?

ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ነው። ጉ ድንጋይ፣ ቾኪ መቀስ፣ ፓ ወረቀት። «ጃን ኬን ፖን» ሲባል እጅ ይወጣል፤ እኩል ከወጣ «አይኮ ዴ ሾ» ብሎ መድገም። ጃፓን ውስጥ ልጅ ብቻ ሳይሆን ትልቅ ሰውም ተራ የሚለየው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ግማሹ የእጅ ዘፈን መጨረሻው ጃንኬን ቢሆን አይግረማችሁ።

ጥሩ ምሳሌው የጌንኮትሱያማው ታኑኪ ነው። ታኑኪ ቀበሮም ውሻም የሚመስል፣ ተረታቸው ውስጥ አታላይ የሆነ የዱር እንስሳ ነው። ግልገሉ ጡት ይጠባል፣ ይተኛል፣ ይታቀፋል፣ ይታዘላል፣ ለእያንዳንዱ የእጅ ምልክት አለው፣ «ነገ ደግሞ» ሲባል ጃንኬን ይወጣል። መታዘሉን ለእኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጆቼ አደጉ፣ ይሄ ሁሉ የሕፃን ነው ይሉኛል። የሚከብድ የለም?

ሞልቷል። አንታጋታ ዶኮ ሳን ስጧቸው። የኳስ ዘፈን ነው፤ ከወዴት ናችሁ? ከሂጎ። ሂጎ የት? ኩማሞቶ። ኩማሞቶ የት? ሴንባ። እያለ ይሄዳል። ብዙው ስንኝ የሚያልቀው በ«ሳ» ነው። ኳሱን እያነጠሩ ይዘፍናሉ፣ «ሳ» በተባለ ቁጥር እግርን ከኳሱ በላይ ማሳለፍ። መጀመሪያ ላይ «ሳ»ው ራቅ ራቅ ብሎ ይመጣል፤ ኋላ ላይ ታኑኪውን አዳኝ ተኩሶ ሲጥለው፣ ቀቅሎት ጠብሶት ሲበላው ይደራረባል፣ እዚያ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። ኳስ ከሌለ ክብ ሠርታችሁ ተያያዙና በየምቱ ወደ አንድ ጎን ዝለሉ፣ «ሳ» ላይ ብቻ በተቃራኒው። ትልልቅ ሰዎችም አይችሉትም።

ሌላው ቻትሱሚ ነው፣ የሻይ ቅጠል ለቀማ። በ1912 የትምህርት ቤት መዝሙር መጽሐፍ ላይ የወጣ ሾካ ሲሆን ልጆቹ የሁለት ሰው ጭብጨባ አድርገውታል። ፀደይ ከገባ በ88ኛው ሌሊት፣ በሜይ መጀመሪያ ገደማ ስለሚለቀመው ሻይ ነው የሚያወራው። የራስ እጅ፣ የባልደረባ ቀኝ፣ የራስ እጅ፣ የባልደረባ ግራ፤ በየዙሩ ፍጥነት ጨምሩ።

እውነተኛ ጭፈራ ነው የምፈልገው፣ ጨዋታ አይደለም። ምን አለ?

የቦን ኦዶሪ አለላችሁ። በኦቦን፣ ብዙው አገር በኦገስት አጋማሽ በሚያከብረው የሙታን መታሰቢያ ሰሞን፣ መሀል ላይ የእንጨት ማማ ይቆማል፣ ከበሮው እዚያ ላይ ይመታል፣ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ይጨፍራል። ልጅ አዋቂ የለም። የማያውቅ ሰው ከፊቱ ያለውን እያየ ይገባል፤ ሌላ ትምህርት ቤት የለውም። ለጀማሪ ታንኮ ቡሺን ምረጡ። ከደቡብ ጃፓን ከፉኩኦካ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የመጣ የሠራተኞች ዘፈን ስለሆነ እንቅስቃሴው ሥራው ራሱ ነው፦ ቆፍር ቆፍር፣ ተሸከም ተሸከም፣ ወደኋላ ወደኋላ፣ ጋሪውን ግፋ ግፋ፣ ክፈት፣ ከዚያ ጭብጨባ። አንዴ ይሄን ካያችሁ አትረሱትም። ለልጆች ተብለው የተሠሩም አሉ፣ የካርቱኑ ድመት ዶራኤሞን እንኳ የራሱ የቦን ኦዶሪ ዘፈን አለው።

ጉልበት ላላቸው ደግሞ ሶራን ቡሺ። የሆካይዶ ዓሣ አጥማጆች የሄሪንግ ዓሣ ሲያወጡ የሚዘፍኑት ነው። በ1990ዎቹ በሰሜን ጫፍ በዋካናይ ከተማ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሮክ ቅንብር ጨፈረውና አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ላይ ልጆች በባዶ እግራቸው «ዶኮይሾ!» እያሉ መረብ ሲጎትቱ ታያላችሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ነው የሚጨፈረው። በማግስቱ ጭናችሁ ይናገራል።

ዜማው ለምን የእኛን ይመስላል?

ብዙ ሰው ትዝታ ነው እንዴ ይላል፣ ጆሮው አልዋሸውም። የጃፓን የትምህርት ቤት መዝሙሮችና ዶዮ ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ዮናኑኪ የሚባለው ስልት ከምዕራቡ ሚዛን አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የሚዘል ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብቻ ይቀራል። ትዝታ ሜጀር እነዚሁ አምስት ድምፆች ናቸው። የዮናኑኪው ማይነርም ከትዝታ ማይነር ጋር ይገጥማል። ኮቶና ሻሚሰን የሚባሉት የክር መሣሪያዎች ሙዚቃ የሚወደው ሚያኮ ቡሺ የሚባለው ስልት ደግሞ የአምባሰል ድምፆች ናቸው፣ የደቡቦቹ የኦኪናዋ ሰዎች ስልት ከባቲ ጋር። ይሄን ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

ግን ከዚህ ተነስታችሁ ዝምድና አትፍጠሩ። በአምስት ድምፅ የሚዘፍን ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ዜማው የሚያርፍበትም የሚጌጥበትም መንገድ ይለያል። ምቱማ ጨርሶ ሌላ ነው፤ የእነሱ የልጆች ዘፈን አብዛኛው ቀጥ ያለ ሁለት ምት ነው፣ የእኛ ችክቻካ የሚፈልገው መወዛወዝ የለውም። እስክስታ ልታስገቡበት ብትሞክሩ ትከሻው ቦታ ያጣል። ክብ የሚዞርባቸው ዋራቤኡታዎች ደግሞ ብዙዎቹ አምስቱንም ድምፅ አይጠቀሙም፣ ሁለት ሦስት ድምፅ ይበቃቸዋል፤ ከዘፈን ይልቅ ለጥሪ የቀረቡ ናቸው።

ሁሉም የጃፓን ዘፈን ናቸው?

የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ሙሱንዴ ሂራይቴ፣ ጃፓናዊ ሁሉ ከእናቱ ጋር የዘፈነው፣ ዜማው የፈረንሳዩ ፈላስፋ የዣን ዣክ ሩሶ ነው ይባላል፤ በ1752 ከደረሰው ኦፔራ የመጣ። በአውሮፓና በአሜሪካ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሆኖ ዞረ፣ በእነ ኢሳዋና ሜሰን በኩል በ1881 መጽሐፍ ጃፓን ገባ፣ ያኔ ግጥሙ ስለ ዊሎ ዛፍና ስለ ቼሪ አበባ ነበር። በመሀል የወታደር ግጥም ተገጥሞለት የጦር ዘፈንም ሆኗል። የአሁኑ የእጅ ጨዋታ ግጥም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ወጣ። የእንቁራሪቶቹ ዘፈን፣ ያ እየተከታተሉ የሚገቡበት፣ ዜማው የጀርመን ነው።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይሄን ስሙ። የጃፓን ትምህርት ቤት ልጆች ካምፕ ወጥተው እሳት ዙሪያ ከሚጨፍሯቸው በጣም ከሚታወቁት አንዱ ማይም ማይም ነው። አዎ፣ ራሱ የዕብራይስጡ የክብ ጭፈራ። ከየት እንደመጣ የማያውቁት ብዙ ናቸው፣ እርምጃውን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ዩቲዩብ ላይ የሰማሁት ዜማና ግጥም መጽሐፍ ላይ ካለው ይለያል። የቱ ነው ትክክል?

ሾካ ወይም ዶዮ ከሆነ መጽሐፉን እመኑ፣ ደራሲ አለው። ዋራቤኡታ ከሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዜማው ከንግግር ነው የሚወለደው፣ የኦሳካና የቶክዮ አነጋገር ቃሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ ዘፈኑም አብሮ ይቀየራል። ሃና ኢቺሞንሜን ሁለት ጃፓናውያን እናቶች አንድ ላይ እንዲዘፍኑላችሁ ጠይቁ፣ ክርክር ይነሳል። አንዱን ምረጡና በዚያ ጽኑ፤ ልጆች የሚያምታታቸው ልዩነቱ ሳይሆን የእናንተ መቀያየር ነው።

እነዚህ ዘፈኖች ድብቅ አስፈሪ ትርጉም አላቸው የሚባለው እውነት ነው?

ኢንተርኔቱ ይሄን ወሬ ይወደዋል። ካጎሜ ስለ ውርጃ ነው፣ ስለ እስረኛ ነው፣ ስለ ተቀበረ ወርቅ ነው። ሃና ኢቺሞንሜ ድሆች ሴት ልጆቻቸውን ስለመሸጣቸው ነው። የመጨረሻው ቢያንስ መነሻ የሚሆን ምክንያት አለው፤ ሞንሜ የብር መለኪያ ነበረ፣ «አሸነፍን» የሚለው ቃልም ሲሰማ «ገዛን» ከሚለው አይለይም። የልጆች ሽያጭ የሚባለው ነገርም በድሮዋ ጃፓን ነበረ። ግን ለዘፈኑ ማስረጃ አይሆንም።

ካጎሜ ላይ ያለው ወሬ ደግሞ የተንጠለጠለው «ሽመላና ኤሊ ተንሸራተቱ» በሚለው ስንኝ ላይ ነው። ሾጉን የሚባሉ የጦር ገዥዎች አገሩን በሚመሩበት በድሮው የኤዶ ዘመን ተጽፈው የተገኙት የዘፈኑ ቅጂዎች ላይ ግን ኤሊ የሚባል የለም፣ ስንኙ ሌላ ነው። ኋላ የተጨመረ ቃል ይዞ የድሮ ምሥጢር መፍታት አይቻልም። እኔ የማምነው ቀላሉን ነው፤ ልጆች የማይገባቸውን ቃል በሚገባቸው ይተካሉ፣ ድምፁ ካማረ ትርጉሙ አያስጨንቃቸውም። ከሁሉም ደህና የሚባለው ግምት የዙይ ዙይ ዙኮሮባሺ ነው። ልጆቹ ጭብጣቸውን ዘርግተው አንዱ በየተራ ጣቱን የሚያስገባበት። ለሾጉኑ ከሻይ አገሯ ከኡጂ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶክዮ፣ የሚሄደው የሻይ ማሰሮ በጭፍራ ታጅቦ ሲያልፍ ሕዝቡ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር፣ ዘፈኑም በሻይ ማሰሮ ተባረን በራችንን ድርግም አደረግን ይላል። ይሄ ቢያንስ ግጥሙ ውስጥ አለ።

አዳዲሶቹስ? የቴሌቪዥኖቹ?

እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው። የጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ ከ1959 ጀምሮ የሚያሳየው ኦካአሳን ቶ ኢሾ የሚባል የሕፃናት ፕሮግራም አለ፣ ዘፋኝ እህትና ዘፋኝ ወንድም የሚባሉ አቅራቢዎች አሉት፣ ጃፓን ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሁሉ በስም ያውቃቸዋል። ከዚያ ወጥቶ በ1999 አገሩን ያናወጠው የሦስቱ የዳንጎ ወንድማማቾች ዘፈን ነው፤ በእንጨት ስለተሰኩ ሦስት የሩዝ ዱቄት ድብልብሎች፣ ያውም በታንጎ። ወደ ሦስት ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ1975 መጨረሻ ስለወጣው፣ ከመጋገሪያው አምልጦ ባሕር ስለገባው የዓሣ ቅርጽ ኬክ የሚዘፍነው ደግሞ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተሽጦ እስከ ዛሬ በጃፓን በነጠላ ሸክላ ሽያጭ ክብረ ወሰኑን እንደያዘ ነው። የልጆች ዘፈን ነው ይሄ ሁሉ!

ለጭፈራ ከሆነ ግን ፓፕሪካን ያዙ። ዮኔዙ ኬንሺ ጽፎት ፉሪን የተባሉ አምስት ልጆች በ2018 ያወጡት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የጃፓንን ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት ወስዷል። እርምጃው ለልጅ ታስቦ ስለተሠራ ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ቪዲዮውን እያየ ይይዘዋል።

ልጆቹ ሲዘፍኑት ቀርጬ ብለጥፈው የቅጂ መብት ይጠይቁኛል?

ዋራቤኡታ ከሆነ ግጥሙም ዜማውም የማንም አይደለም፣ ራሳችሁ ከዘፈናችሁት ችግር የለም። የሌላ ሰው ቅጂ ከኋላ ካጫወታችሁ ግን ያ ቅጂ ባለቤት አለው፣ ዘፈኑ የሺህ ዓመት ቢሆንም። ዶዮና ሾካ በየደራሲው ነው የሚታየው። ጃፓን በ2018 መጨረሻ ጥበቃውን ደራሲው ከሞተ በኋላ ከ50 ወደ 70 ዓመት ከፍ አድርጋለች፣ ያኔ ነፃ የነበሩትን ግን መልሳ አልቆለፈችባቸውም፤ ስለዚህ እስከ 1967 የሞቱት ደራሲዎች ሥራ እዚያ ነፃ ነው። ግጥምና ዜማ የተለያየ ሰው ከጻፈው ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል፣ የምትኖሩበት አገር ሕግም ሊለይ ይችላል። ፓፕሪካና መሰሎቹ በግልጽ ባለቤት አላቸው። ክፍል ውስጥ ጨፍሩት፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን የምትጠቀሙበት መድረክ ፈቃድ እንዳለው እዩ። የሰው ልጅ ፊት ያለበትን ቪዲዮ ደግሞ ወላጁን ሳትጠይቁ አትለጥፉ፣ ይሄ ከዘፈኑ መብት ይቀድማል።